የ«ቦ» አጭር እግር

ኮየ ፈጬ፣ ከብሎክ ሰማንያ ሁለት ጎን፣ ኮሚናሉ ቤት፣
በበዓል ዋዜማ በሬ የሚጣልበት፣
እሑድ እድርተኛ የሚከራከርበት፣
ቅዳሜ ጠዋት ግን ተረት አለበት።

ሦስት መደርደሪያ፣ ዳር ዳሩ ያለቀ ምንጣፍ፣
አይጥ ቀድማን የጀመረችው የተረት መጽሐፍ፣
ታጥቦ ታጥቦ የበሬ ሽታ ያልለቀቀው ወለል፤
እኔም ከነመነጽሬ፣ ጡረተኛዋ፣ ከልጆች መሐል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ መታሁ፣ በመሥሪያ ቤት፤
ፊደል ለእኔ ብረት ነበር፣ ፊደል ለእኔ ጩኸት፤
ቀለበት ስሰካ፣ እግር ስቀጥል፣ እግር ስቆርጥ ውዬ
አንድም ቀን «ይሄ ማነው?» ብዬ
አልጠየቅሁም።
ደብዳቤው «ጉዳዩ፦» ይላል፣ እመታለሁ፤
ማኅተሙ ያርፍበታል፣ ቤቴ እገባለሁ።

አሁን አለቆቼ ገና ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ናቸው።
አንዱ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ «ጅቡ ወደቀ!» ይላል፤
አንዷ ገጹን ትልሳለች፣ ሥዕሉ ማር ይመስላል፤
ያብፀጋ «መ»ን ሲያይ «የእርስዎ መነጽር!» ይለኛል።
ሒክመት የ«ጠ»ን እግሮች ቆጥራ «በርጩማ ነው» አለች፣
ልጅቷ ልክ ነች፤
ይህን ሁሉ ዘመን ቆሜ የኖርሁት እኔ ነኝ።

ቢፍቱ ግን ዝም።
የቶለሳ ልጅ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋት ቢጫ ቦት ጫማ፣
አምስት ቅዳሜ ከበሩ ሥር ተቀምጣ፣ ተረት ሰምታ፣ ሰምታ፣
ቃል ሳትተነፍስ ወደ ቤቷ።
ቋንቋው ይሆን? በኦሮምኛዬ፣ በተሰባበረ፣
«ኮቱ» ብላት፣ ፈገግታዋ ብቅ አለና ተመልሶ ቀረ።

በስድስተኛው ቅዳሜ የ«በ»ን ዘር በካርቶን ላይ ጻፍሁ፤
ከሁሉ «ቦ»ን አግዝፌ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ።
«ውሃ የሚያመጣልን ማነው?»
«ቦቴ!» ቤቱ ተናወጠ።
ይህን የማያውቅ ልጅ እዚህ ሰፈር የለም፣
በሌሊት ጥሩምባ ጀሪካን ይዞ ያልሮጠ።

ያኔ ከበሩ ሥር፦
«አባኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ተነሥታ መጣች፣
አጭሩን እግር በጣቷ፣ እንዳያመው ያህል፣ ነካች።
እኔ የፊደል አዋቂዋ የምለው ጠፋኝ፤
«አይ፣ ይሄ ቦ ነው» ልል ነበር፣ አፌ ላይ ቀረብኝ።

በሰኔ፣ ዝናብ ሥራ ባስፈታበት ቅዳሜ፣
ቶለሳ መጣ፤ በጭቃ ጫማው አፍሮ ከደጅ ቆመ።
ከአራተኛ ፎቅ፣ ከእንጨት መወጣጫ የወደቀ፣
ቀኝ እግሩ ሦስት ጣት ያጠረ፣
ዛሬም አሸዋ ሲሸከም የዋለ፣ ሲሸከም ያደረ።
ካርቶኑን አሳየሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።
አንገቱን ሰበቅ አደረገ። የራሱን ቀኝ ለካ፣
የፊደሉን ቀኝ ለካ።
«ልክ ነው» አለ። «ጀርባዬ ነው።
ሳይነጋ እወጣለሁ፤ የምታውቀኝ ከኋላ ነው።»

ቆርቆሮው ብቻ አወራ።
ቢፍቱ ግን ጣቷን አላነሣችም፤ ከ«ቦ» ወደ ግራ፣
«ብ»ን አልፋ፣ «ቤ»ን አልፋ፣
«ባ» ላይ ቆመች።
እዚያ አጭሩ እግር በግራ ነው፤
ፊቱን ወደ እኛ የመለሰ ሰው።
«ገሌ» አለች። ቤቱ ገባ ማለቷ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት! እግር ስቀጥል፣ እግር ስቆርጥ፣
ማን እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ገባ ሳልጠይቅ።
አሁን ሳየው ከ«ባ» በስተግራ «ቢ» ቆማለች፣ ከነስሟ፤
በስተቀኙ «ቤ» አለ፣ «ት»ን የሚጠብቅ።

ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ውጭ ጥሩምባ ጮኸ።
ልጅ፣ እናት፣ ጀሪካን፣ ሁሉም ወጣ፤ መጽሐፉ እንደ ተዘረጋ ቀረ።
ቶለሳ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ በዝናቡ መሐል፣
ሸብረክ ቀና፣ ሸብረክ ቀና፤
ከኋላው ቢጫ ቦት ጫማ።
«ቦ» ብዬ አነበብሁ፣ ከደጃፍ ሆኜ።

ሰልፉ ረጅም ነው። ልቆልፈው የነበረውን በር
ከፍቼ ተውሁት፤
ሲመለስ ደግሞ ላንብበው።